የፊርመን አፍንጫ

«አልቅሺ እንጂ!» አለች አክስቷ ሶላንዥ፣ መሐረቡን በግድ መዳፏ ውስጥ እየጎሰጎሰች። «ሰው ሁሉ እያየሽ ነው። የሞተው እኮ አባትሽ ነው፤ የጎረቤት ድመት አይደለም።»

ኦዲል መሐረቡን ተቀበለችና ኪሷ ከተተችው። ከወንበሯ ተነሳች። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ መስኮቱ ለሐዘኑ ሲባል ተዘግቷል፤ ተመለሰች። ተቀመጠች። እንደገና ተነሳች። አስከሬኑ ያረፈበት ክፍል በር ላይ የተቀመጡት ሴቶች መቁጠሪያቸውን ሳያቋርጡ በዓይናቸው ተከተሏት።

«እሾህ ላይ የተቀመጠች እኮ ነው የምትመስለው» አለች አንዷ።

«ከመጣሁ ጀምሮ ዓይኗ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ድሮም ልበ ደረቅ ናት» አለች ሌላዋ፣ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

ኦዲል ሰምታለች። ጆሮዋም እንደ አፍንጫዋ ደህና ነበር። ማልቀስማ መች ጠላች! አባቷን አልጋው ላይ ቀዝቅዞ ካገኘችው ሰዓት ጀምሮ እንባው ጉሮሮዋ ድረስ እየመጣ ይተናነቃታል፤ እሷም ምራቋን እየዋጠች ወደመጣበት ትመልሰዋለች። ያለቀሰ ሰው አፍንጫው ይታፈናል። የሷ ደግሞ አንዴ ከታፈነ ቶሎ የሚከፈት አይደለም፤ ገና ልጅ ሳለች ጀምሮ ጠባዩን ታውቀዋለች። አፍንጫዋ ደግሞ ለስምንተኛው ቀን ያስፈልጋታል።

በዚያ የፈረንሳይ ጋስኮኝ መንደር የበርሜል ቤት ያለው ሰው ሲሞት፣ የስምንተኛው ቀን ቅዳሴ እንዳለቀ ጎረቤቱ በሙሉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ በርሜሎቹ ይሄዳል። ከሁሉ ያረጀው በርሜል ይከፈትና ውስጡ ያለው የወይን አረቄ፣ አርማኛኩ፣ በሟቹ ስም ይቀመሳል። ከዚያ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በርሜሉን በእጁ መታ ያደርግና «ይቆይ» ወይም «ይውጣ» ይላል። ይቆይ ማለት እንጨቱ ውስጥ ይቆይ ነው። ይውጣ ማለት እንጨቱ የሰጠው ይበቃዋል፣ ወደ ጠርሙስ ይገልበጥ ነው። ያንን ቃል የተናገረ ሰው ከዚያን ዕለት ጀምሮ የቤቱ ጠባቂ ነው። የሚናገር ከጠፋ በርሜሎቹ እየተንከባለሉ ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ፣ ቤቱም የድንች ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። ኦዲል ያንን ቃል እሷ ራሷ መናገር ፈልጋለች።

ስለዚህ በሐዘን ቤቱ ውስጥ መቀመጫ አጣች። አክስቷ ለለቀስተኛው ሾርባ ሽንኩርት ልትከትፍ ስትቀመጥ ኦዲል ገና ቢላዋውን እንዳየች ወደ ግቢ ፈረጠጠች። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ጉንፋኗን ይዛ፣ አፍንጫዋን እየሳበች፣ «ነፍስ ይማር የኔ እህት» ብላ ጉንጯን ልትስማት ስትጠጋ፣ ኦዲል አንድ እርምጃ ወደኋላ አፈገፈገችና ከሩቅ ጨበጠቻት። ሴትየዋ ተቀይማ ስትወጣ በሩን ጎትታ ዘጋችው። የወይን ተክል ቅርንጫፍ እየማገደ ምድጃውን የሚያጨሰውንም ሰው ተቆጣችው። ይኸው እንግዲህ፣ ልበ ደረቅ ብቻ ሳትሆን ባለጌም ተባለች።

ወጥ ቤት ውስጥ ወንዶቹ ቡናቸውን ጨርሰው፣ ገና በሞቀው ስኒ ላይ አርማኛክ ጠብ እያደረጉ፣ ስለ ሟቹ ያወራሉ። ከሁሉም በላይ የሚያወራው ካዚሚር ነው። የአባቷ የፊርመን የዕድሜ ልክ ጎረቤት፣ የካርታ ጓደኛ፣ የራሱም በርሜል ቤት ያለው፣ ሐዘን ላይ እንኳ ሰው ካላሳቀ የማያርፍ ሽማግሌ።

«ዓይኑን በጨርቅ አሰርንላችሁ» ይላል ካዚሚር፣ «ስድስት ብርጭቆ ሰጠነው፤ አንድ በአንድ ከማን ቤት፣ ከየትኛው በርሜል እንደሆነ ነገረን። ሰባተኛውን እኔ ተንኮል አስቤ የቧንቧ ውሃ ሰጠሁት። አሸተተና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ይሄ ከካዚሚር ቤት ነው፤ እንደ ልማዱ በርዞታል!'»

ወንዶቹ ሳቁ። አክስቷ ከወዲያ ሆና «እሽሽ!» ስትል ሳቃቸውን ወደ ሳል ቀየሩት።

«እንዲህ ያለ አፍንጫ ሁለተኛ አይፈጠርም» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «እስከ ዕለተ ሞቱ አንድ ቀን አልሳተ!»

ኦዲል ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ግቢ ወጣች። ካዚሚር ያወራው ውሸት አይደለም። ጊዜው ያለፈበት እውነት ነው እንጂ።

ከዓመታት በፊት አባቷን አንድ ክረምት ክፉ ጉንፋን ጣለው። ሲነሳ ግን ደህና ነበር፤ በላ፣ ቀለደ፣ ካርታውን ተጫወተ። አንድ ቀን ጠዋት ኦዲል ከገበያ ስትመለስ ቤቱ በተቃጠለ ወተት ሽታ ታፍኖ አገኘችው። አባቷ ከምድጃው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

«አባዬ! ወተቱ!»

«የቱ ወተት?»

ተያዩ። አባቷ ቀስ ብሎ ተነሳና የኮምጣጤውን ጠርሙስ ከፍቶ አሸተተ። አስቀመጠው። የፋኖሱን ጋዝ አሸተተ። ነጭ ሽንኩርት በጣቱ አድቅቆ አሸተተ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ምንም» አለ። «ከአልጋ ከተነሳሁ ጀምሮ ምንም ነገር የለም። ይመለሳል እያልኩ ነበር።» ያን ዕለት አባቷ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ እሷም አብራው አለቀሰች። ያኔ ማልቀስ በነጻ ነበር።

ለሰው መንገር አቃተው። መንደሩ «አፍንጫው» እያለ ነው የሚጠራው፤ ከየቤቱ ብርጭቆ እየያዙ የሚመጡት ወደሱ ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ሰው ብርጭቆ ይዞ ሲመጣ አባቷ እጁን እያፋተገ «ልጄ፣ ጣቶቼ በርደዋል፤ እስቲ ይቺን አሙቂልኝ» ይላል። ኦዲል ብርጭቆዋን በመዳፏ አቅፋ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ጀርባዋን ለእንግዳው ሰጥታ ታሸታለች፣ ትመለሳለች። በቀኝ እጇ ከሰጠችው ይቆይ ነው። በግራዋ ከሰጠችው ይውጣ ነው። በሁለት እጇ ከሰጠችው አዲሱ እንጨት አክርሮታል፣ ወደ አሮጌ በርሜል ይዛወር ነው። የቀረውን አባቷ ያውቀዋል። በርሜሉ የት እንደቆመ፣ የተሠራበት የባሉጥ እንጨት ከየትኛው ጫካ እንደሆነ፣ ያ ዓመት ዝናቡ እንዴት እንደነበር፤ ይህን ሁሉ ለማወቅ አፍንጫ አያሻም።

ማታ ማታ ደግሞ ቋንቋውን ያስተምራት ነበር። ኦዲል ታሸታለች እንጂ ስም አታውቅም። «ይሄኛው አባዬ… የሴት አያቴን ቁምሳጥን ነው የሚሸተው» ስትለው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያስብና «እሱ የደረቀ ፕሪም ነው፤ ሥሩ ደግሞ የንብ ሰም አለ፣ አይደል?» ይላታል። ልክ ነበር። እሷ ሽታውን ታመጣለች፣ እሱ ስሙን ይሰጠዋል። የሄደበት ነገር በሷ በኩል ትንሽ ትንሽ ሲመለስለት ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። እነዚያን ምሽቶች ነው አሁን ያጣችው፤ ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ መለሰችው።

የቀብሩ ዕለት ከመካነ መቃብሩ ሲመለሱ ታላቅ ወንድሟ ሬዢስ ክንዷን ያዘ። ቦርዶ ባቡር ነጂ ነው፤ ሚስትም ልጆችም አሉት፤ ደግ ሰው ነው፣ ችግሩ ደግነቱን ሳይጠየቅ ማምጣቱ ነው።

«ለጋሽ ካዚሚር ነግሬዋለሁ» አላት። «ስምንተኛው ቀን ማናችንም አንናገርም፤ በርሜሎቹን እሱ ይወስዳል። አንቺም ቦርዶ እኛ ጋ ትመጫለሽ። ልጆቹ እንደሆነ ይወዱሻል።»

«ማን ነው አይናገርም ያለህ?»

«ማን ይናገራል ታዲያ? እኔ? እኔ አርማኛክን ከናፍጣ የምለየው በቀለሙ ነው። አፍንጫው ሞተ እኮ፣ ኦዲል።»

«እኔ እናገራለሁ።»

ሬዢስ ቆሞ አያት። «አንቺ ብርጭቆ ስታሞቂለት ነው የኖርሽው» አለ፣ ክፋት ሳይኖረው። «ደግሞስ ምን ትያለሽ? አባባ እንደሆነ በመከር ጊዜ ስለ አሮጌው በርሜል ለጋሽ ካዚሚር አሥር ዓመት ይቆይ ብሎታል። እሱም ለአገሩ ሁሉ አውርቶታል። ያለቀ ነገር ነው።»

ኦዲል ክንዷን አስለቀቀችና በጓሮው በኩል ወደ በርሜል ቤቱ ሄደች።

የቤቱ ክዳን ሸክላ ከሩቅ ጥቁር ነው። ከበርሜሎቹ የሚተነው የአረቄው መንፈስ ጥቁር ሻጋታ ያበቅልበታል፤ ሰው ደግሞ ይህን ሲያይ መላእክት ድርሻቸውን ወሰዱ ይላል። አርማኛክ ከአረቄ ማውጫው ሲወጣ ውሃ የመሰለ እሳት ነው። ቀለሙንም ጠባዩንም የሚያገኘው ከባሉጡ ነው። አዲስ በርሜል ውስጥ ጥቂት ዓመት ይከርማል፣ ይከራል፣ ይቆጣል፤ ከዚያ ወደ አሮጌ በርሜል ይዛወርና እዚያ እየለዘበ ያረጃል። ዓመት በመጣ ቁጥር ከላዩ ይጎድላል፣ ኃይሉም ይበርዳል። እንጨቱ ግን መስጠቱን አያቆምም። ልክ የማያውቅ ለጋስ ነው፤ ልኩን ማወቅ የሰው ፈንታ ነው።

አሮጌው በርሜል እናትና አባቷ በተጋቡ ዓመት የተሞላ ነው። ኦዲል ረጅሙን የመስታወት መምጠጫ አስገብታ ትንሽ ቀዳች። መጀመሪያ ፕሪም መጣ፤ በፀሐይ የደረቀ፣ ቆዳው የተሸበሸበ። ከኋላው ማር፤ ከማሩ ኋላ ያረጀ የለውዝ ዘይት፣ ያ ብዙ ዘመን በእንጨት የኖረ አርማኛክ ብቻ የሚያመጣው ሽታ። ከዚያ ግን ሳንቃ። ገና አሁን የተላገ ደረቅ ሳንቃ፣ ምላስን የሚጨብጥ። በመከር ጊዜ ጭላንጭል ብቻ ነበር፤ አሁን በር ላይ ቆሟል። ሌላ በጋ ከጨመረ ማሩን ይበላዋል፤ አንዴ ከተበላ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

በመከር ጊዜ ትርፍ አንጀቷ ተነስቶባት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሌሊት በመኪናው ያደረሳት ካዚሚር ነው። ሲመለስ አባቷን በጭንቀት ሲንቆራጠጥ አገኘውና ለማረጋጋት ወደ በርሜል ቤቱ ወሰደው። ከአሮጌው ቀድቶ ሰጠውና «እስቲ ይሄ ምን ይላል?» አለው። የሚያሞቅለት ሰው አልነበረም። አባቷ ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ይዞ ቆየ፣ ከዚያ «አሥር ዓመት፤ አትንኩት» አለ። ኦዲል ከሆስፒታል ወጥታ ስታሸተው ደነገጠች፤ ተቆጣችውም። «ምን ልበል ነበር?» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ከገና በኋላ ሰበብ እንፈልጋለን።» ገና አለፈ፤ ሰበቡ ሳይገኝ እሱ ሞተ። 

«ይቆይ» ብትል የአባቷ ስም ይጠበቃል፣ እሷም ጠባቂ ትሆናለች፤ የእናትና የአባቷ በርሜል ግን ይሞታል። «ይውጣ» ብትል መንደሩ ለምን ይላል። ለምን የሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ አፍንጫው ፊርመን አፍንጫ አልነበረውም። ያንን ሲሰሙ እንዴት እንደሚስቁ ታውቃለች። ለቀሪው ዘመን የመጠጥ ቤት ቀልድ ያደርጉታል። እነዚያን ቀሪ ቀናት ኦዲል ሳታለቅስም፣ በቅጡ ሳትተኛም፣ ከጓሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጓሮ ስትመላለስ ጨረሰቻቸው።

ስምንተኛው ቀን ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ኮፍያውን አውልቆ በርሜል ቤቱን ሞላው። ካዚሚር ከአሮጌው በርሜል ቀዳ፤ ብርጭቆው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የቀመሰ ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ «ፊርመን ያለው አለ፤ ይቆይ ነው» ይላል። ሬዢስ በሩን ተደግፎ ቆሟል። በመጨረሻ ብርጭቆው ኦዲል እጅ ገባ። በመዳፏ አቀፈችው። ዛሬ ወደ መስኮቱ አልሄደችም፤ እዚያው ሰው መሐል አሸተተች። ሳንቃው እዚያው ነበር፤ እንዲያውም ብሶበታል። በርሜሉን መታ አደረገች።

«ይውጣ» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች አክስቷ።

«ይውጣ። ዛሬውኑ።»

ካዚሚር ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ አባትሽ እዚቹ ቦታ ቆሞ አሥር ዓመት ብሎኛል። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ፊርመን ተሳስቷል ነው የምትይን?»

ኦዲል ፊቶቹን አየች። ሁሉም ይጠብቃሉ።

«አባቴ አልተሳሳተም፣ ጋሽ ካዚሚር» አለች። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ብርድ ይዞት አፍንጫው ተዘግቶ ነበር፤ 'አንቺ አሽተሽ ንገሪኝ' አለኝ። ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ለእርስዎ የነገረዎት የኔን ቃል ነው።»

ሰዉ አጉረመረመ። ዳቦ ጋጋሪው «ታዲያ ያኔ ከተሳሳትሽ ዛሬ በምን እንመንሽ?» አለ። የአባቷን ስም አድና የራሷን ቃል እንደገደለች ያወቀችው ገና አሁን ነው።

«ቆይ እንጂ ኦዲል» አለ ሬዢስ ከበሩ ግራ ተጋብቶ እየቀረበ፣ «በመከር እኮ አንቺ ሆስፒ— ወይኔ እግሬን!»

«ይቅርታ የኔ ልጅ» አለ ካዚሚር፣ ጫማውን ከሬዢስ ጫማ ላይ ሳያነሳ። «ሽማግሌ ሰው የሚረግጠውን መች ያያል!»

ዓይኑ ግን ኦዲል ላይ ነበር። ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ራሱ ነው፤ በዚያው ሌሊት ነው ፊርመን አሥር ዓመት ያለው። ብርጭቆውን ያቀፉትን መዳፎቿን አየ። መስኮቱን አየ። ስንት ዘመን ሙሉ ክረምት ከበጋ ፊርመን ጣቱ ሲበርደው መኖሩ፣ ይሄ ሁሉ አንድ በአንድ በፊቱ ላይ አለፈ። ለነዚህ በርሜሎች በራሱ ቤት ቦታ ጠርጎ፣ መደገፊያ እንጨት ሁሉ አዘጋጅቷል። ብርጭቆውን ከእጇ ወሰደና ዓይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ አሸተተ።

«ልክ ናት» አለ። «እኔም እዚህ ነበርኩ፤ አሁን ትዝ አለኝ። ፊርመን ሲያስነጥስ ነበር። ልጅቷን ጠየቃት፣ እሷ ይቆይ አለች። ተሳሳተች። እና ምን ይጠበስ? እኔ የአባቴን በርሜል ስሳሳለት፣ ዛሬ ነገ ስል፣ ወንበር እንደመላስ ሆኖ ነው ያገኘሁት። አንተስ?» ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዞረ። «ስንት ዳቦ አሳርረሃል? አሁንም ዳቦ የምንገዛው ካንተው ነው። እሷ ስህተቷን ራሷ አሽታ አገኘችው፤ ከዚህ በላይ ጠባቂ ከየት ይምጣ? ይልቅ ደምበጃኖቹ የት አሉ?»

የተከራከረ የለም። ሰዉ ወደ ሾርባው ሲበታተን ካዚሚር ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዚያ ከክፉው ጉንፋን።»

«አይ ፊርመን!» አለ ሽማግሌው። «ካርታ ሳጭበረብር ሁልጊዜ ይይዘኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን አልያዝኩትም።» ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ።

እህትና ወንድም ብቻቸውን ቀሩ። በቅርጫት የተሸፈነውን ትልቁን ደምበጃን ከበርሜሉ ሥር አቆሙት፤ ኦዲል ተንበርክካ ቱቦውን በሁለት እጇ አፉ ላይ ያዘች፤ ሬዢስ ቧንቧውን ከፈተ። አርማኛኩ ቀይ ቡናማ ሆኖ መውረድ ጀመረ።

«ካዚሚር ለምንድን ነው የረገጠኝ?» አለ ሬዢስ። ነገረችው። ወተቱን፣ ብርጭቆውን፣ ግራና ቀኝ እጇን፣ ሁሉንም። ሬዢስ ባልዲ ደፍቶ ላዩ ላይ ተቀመጠ።

«ታዲያ ባስትየን ሲወለድስ?» አለ። «አባባ መጥቶ አቀፈው፣ አንገቱ ሥር አሸተተውና 'ትኩስ ዳቦ ይሸታል' አለኝ። ለሰው ሁሉ ሳወራው የኖርኩት ነው። ያ አፍንጫ ስለ ልጄ የተናገረው እያልኩ። እሱም ውሸት ነበር?»

ኦዲል ዓይኗን ከቱቦው አላነሳችም።

«ቀድሜው ገብቼ አቅፌው ነበር» አለች። «ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዘኝ። 'ምን ምን ይላል?' አለኝ። ትኩስ ዳቦ፣ ትንሽ ደግሞ የኮመጠጠ ወተት አልኩት። ወተቱን ለአንተ አልነገረህም።»

ሬዢስ ሳያስበው ሳቀ።

«እንዳይረሳው ፈርቶ» አለች ኦዲል፣ «'ትኩስ ዳቦ፣ ትኩስ ዳቦ' እያለ ነበር ደረጃውን የወጣው። ጉልበቱ ያመው ነበር። በየደረጃው ይቆማል፣ ይላታል፣ ይወጣል።»

ይህን ስትል ያ ስንት ቀን ሙሉ የመለሰችው ነገር መጣ። አላስቆመችውም። አፍንጫዋን የምትጠብቅለት ነገር ከእንግዲህ አልነበረም። አባቷ ናፈቃት፤ በመከር የተቆጣችውን ቁጣ ይቅር በለኝ ሳትለው መቅረቷ አንገበገባት። ጮክ ብላ አለቀሰች። ፊቷን መጥረግ ግን አልቻለችም፤ ቱቦውን ብትለቅ የእናትና የአባቷ ዓመት መሬት ላይ ይፈሳል። እንባዋም አፍንጫዋም አንድ ላይ ወረደ። ፕሪሙ ጠፋ፣ ማሩ ጠፋ፣ ምንም አልሸት አላት።

«ኦዲል፣ ጠብታ ይገባበታል» አለ ሬዢስ። እሱም እያለቀሰ ነበር። ተንበረከከ፣ የሸሚዙን እጅጌ ወደ መዳፉ ሳበ፣ አፍንጫዋን ያዘላት።

«በይ ተናፈጪ» አላት፣ ትንሽ ልጅ ሳለች ይላት እንደነበረው።

ኦዲል ቱቦውን በሁለት እጇ እንደያዘች ተናፈጠች።